ግድግዳ ሳይጎዳ ፎቶና ሥዕል መስቀል፦ ለድሬና ለሐረር ቤት የሚሻለው የቱ ነው?

የምርቃት ፎቶ በትልቁ ታትሞ፣ መስታወት ገብቶለት ቤት ሲደርስ ክርክሩ ይጀመራል። አከራይዋ ሚስማር አይወዱም። የሱቁ ልጅ ደብል ቴፕ ያወጣል። ጎረቤት ደግሞ «ተዪ እቴ፣ ቀለሙን ገሽልጦ ነው የሚወርደው» ትላለች። ሦስቱም አልተሳሳቱም። የሚያወሩት ግን የየራሳቸውን ግድግዳ እያሰቡ ነው።

ማሸጊያ ላይ «ግድግዳ አይጎዳም» ብሎ መጻፍ ቀላል ነው። ያንን የጻፈው ሰው የጀጎልን የኖራ ግድግዳ አላየም። የድሬን የግንቦት ከሰዓትም አልቀመሰም። ስለዚህ እዚህ ዘዴዎቹን የማወዳድረው በእኛ ግድግዳና በእኛ ሙቀት ነው። አቋሜን ከወዲሁ ልናገር፦ ኖራ ላይ የተለጠፈ ቴፕ፣ በሥርዓት ከተመታ አንድ ቀጭን ሚስማር የባሰ ጉዳት ያደርሳል።

## ዕቃ ከመግዛት በፊት

ግድግዳው ምንድን ነው? ድሬ ውስጥ ሳቢያን አካባቢ ያሉ አዳዲስ ቤቶችና ኮንዶሚኒየሞች ብሎኬት ናቸው። በሲሚንቶ ይለሰኑና ፕላስቲክ ቀለም ይቀባሉ። ከዚራ ያሉት የባቡር ዘመን ቤቶች ወፍራም ግድግዳ አላቸው። ችግራቸው ቀለሙ ነው። ባለፈው ላይ አዲስ፣ በአዲሱ ላይ ሌላ እየተቀባ ስለኖረ የላይኛው ንብርብር ከታችኛው ጋር በደንብ አልተያያዘም። ጀጎል ውስጥ ደግሞ ድንጋይና ጭቃ ነው፣ ላዩ ኖራ። የጭቃ ቤትም በሁለቱም ከተሞች ሞልቷል። ክፍል ለሁለት ለመክፈል የሚቆመው ችፑድና ጂፕሰም ቦርድ ሌላ ጉዳይ ነው።

የትኛው እንደሆነ ካላወቃችሁ ሦስት ሙከራ አድርጉ። መዳፋችሁን ግድግዳው ላይ ጫን አድርጋችሁ አሹት። ነጭ ዱቄት ይዞ ከተነሳ ማንኛውንም ተለጣፊ ነገር እርሱት፤ ቴፑ የሚይዘው ዱቄቱን እንጂ ግድግዳውን አይደለም። መዳፉ ንጹሕ ከሆነ ቀለም ቀቢዎች ጠርዝ የሚሸፍኑበትን የወረቀት ፕላስተር በጣት ርዝመት ቆርጣችሁ፣ ሶፋ ጀርባ ወይም በር ኋላ በማይታይ ቦታ ለጥፉ። በማግሥቱ ቀስ ብላችሁ አንሱት። ጀርባው ላይ የቀለም ቅርፊት ካለ መልሱን አገኛችሁ። መጨረሻ ላይ በጣት አንጓ አንኳኩ። ድፍን ድምፅ ጥሩ ነው። ባዶ ድምፅ ካለ ወይ ልስኑ ከብሎኬቱ ተላቋል፣ ወይ ከኋላው ባዶ የሆነ ሰሌዳ ነው። ሁለቱም ክብደት አይወዱም።

ክብደቱስ? ፍሬም ሲገዛ ስፋቱ ይጠየቃል፣ ክብደቱን ግን ማንም አይጠይቅም። ዋናው ከባድ ነገር መስታወቱ ነው። 2 ሚሊ ሜትር መስታወት በካሬ ሜትር 5 ኪሎ ይመዝናል። እንግዲህ 30 በ40 ሳንቲ ሜትር ፍሬም ውስጥ ያለው መስታወት ብቻውን 600 ግራም ነው። 50 በ70 ሲሆን 1 ኪሎ ከ750 ግራም ይደርሳል። 70 በ100 የሆነ የሠርግ ፎቶ በ3 ሚሊ መስታወት ከተሠራ 5 ኪሎ ያልፋል፣ እንጨቱ ሳይቆጠር። ቤት ሚዛን ከሌለ ሱቅ ወስዳችሁ አስመዝኑት። ባለሱቁ ቢስቅ ይሳቅ። ፍሬም የሚሠራው ሰው ጋ ፕላስቲክ መስታወት ካለ ክብደቱ ከግማሽ በታች ስለሚሆን ተጨማሪ ምርጫ ይከፍታል። ቶሎ ይጫጫራል እንጂ።

ሙቀቱ። ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ሐረር ወደ 1,900 ሜትር። የአንድ ሰዓት መንገድ ቢሆንም ለማጣበቂያ ግን ሌላ አገር ነው። ሐረር ላይ ዓመት የሚቆይ ቴፕ ድሬ ላይ በመጀመሪያው በጋ ሊንሸራተት ይችላል። በተለይ የከሰዓት ፀሐይ የሚመታው የምዕራብ ግድግዳና ኮርኒስ የሌለው የቆርቆሮ ቤት ይጠንቀቁ። ከሰዓት ላይ ግድግዳውን በእጅ ስትነኩት የሚሞቅ ከሆነ እዚያ ላይ መለጠፍ አይሠራም።

ሲነሳ ምን ይተዋል? ስንት ያስወጣል? ተከራይ ሁልጊዜ የመልቀቂያውን ቀን ያስብ። ዋጋ በየጊዜው ስለሚዘል ቁጥር አልጽፍም፤ ርካሽ፣ መካከለኛና ውድ እያልኩ አነጻጽራለሁ።

## ተለጣፊዎቹ

እዚህ ውስጥ ሦስት የተለያዩ ነገሮች አሉ፤ ሻጮች ግን በአንድ ስም ይጠሯቸዋል።

የመጀመሪያው ተጎትቶ የሚነሳው ማጣበቂያ ነው። ጥንድ ጥንድ ሆኖ ይመጣል፣ አንዱ ፍሬሙ ላይ፣ አንዱ ግድግዳው ላይ፣ ሁለቱ ይነካከሳሉ። ከታች በኩል ሙጫ የሌለው ትንሽ ጅራት አለው። ሲነሳ ያንን ጅራት ይዞ፣ ከግድግዳው ጋር አስተካክሎ ቀስ ብሎ ወደ ታች መሳብ ነው። እንደ ማስቲካ እየተለጠጠ፣ እየቀጠነ ይወጣል፣ ቀለሙም ይተርፋል። ወደ ራሳችሁ ከሳባችሁት ግን ቀለሙን ይዞ ይመጣል።

ድሬ ታይዋን ገበያ ገብታችሁ ስትገዙ የምታዩት ይህንን ጅራት ነው። ጅራት የሌለው ከሆነ፣ ማሸጊያው ምንም ቢል ያው ደብል ቴፕ ነው። ብዙ ሰው «ያ ነገር አይሠራም» የሚለው ይህን መሳዩን ገዝቶ ነው።

አለጣጠፉም ሥርዓት አለው። ግድግዳውን ከፋርማሲ በሚገዛ አልኮል ጥረጉ። ሳሙና ላዩ ላይ ስስ ነገር ይተዋል፣ ስለዚህ አይሆንም። ሲደርቅ ለጥፉ፣ 30 ሰከንድ ያህል በደንብ ጫኑ። ከዚያ ፍሬሙን አውልቁት፣ ግድግዳው ላይ የቀረውን እንደገና ጫኑ፣ አንድ ሰዓት ጠብቃችሁ መልሱት። ይህን አንድ ሰዓት የሚጠብቅ ሰው አላየሁም፤ ፍሬም የሚወድቀውም ለዚህ ነው። አዲስ የተቀባ ግድግዳ ከሆነ ቢያንስ አንድ ሳምንት ይረፍ።

ክብደት በሚመለከት ማሸጊያው ላይ የተጻፈው ልስልስ ላለ፣ ቀዝቀዝ ላለ ግድግዳ ነው። አብዛኞቹ እስከ 40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ድረስ ብቻ እንዲያገለግሉ የተሠሩ ናቸው። ድሬ ላይ የተጻፈውን ለሁለት ከፍላችሁ ያዙ። 4 ኪሎ ይሸከማል ካለ 2 ኪሎ ስቀሉበት። ሐረር ላይ ይህን ያህል መጨነቅ አያስፈልግም። ኳርትዝ የተረጨበት ወይም ሸካራ ልስን ላይ ግን በሁለቱም ከተሞች አይያዝም፣ ምክንያቱም ሙጫው የሚነካው የጉብታዎቹን ጫፍ ብቻ ነው። ማድ ቤትም ያው ነው፤ የዘይት ጭስ የጠጣ ግድግዳ አልኮል በአንዴ አያጸዳውም።

ሁለተኛው ደብል ቴፕ ነው፣ ስፖንጅ ያለው። ርካሽ ነው፣ በየሱቁ አለ፣ ኃይለኛም ነው። ችግሩ ይኸው ኃይሉ ነው። ለሴራሚክ፣ ለመስታወትና በዘይት ቀለም ለተቀባ በር ጥሩ ነው። ለፕላስቲክ ቀለም ግን መቅሠፍት ነው፤ ቀለሙን ብቻ ሳይሆን ስቱኮውንም ገሽልጦ ሊወርድ ይችላል። ቀድሞ የተለጠፈ ካለባችሁ አትገንጥሉት። በፀጉር ማድረቂያ አንድ ደቂቃ ያህል አሙቁት፣ ከዚያ ቀጭን ናይለን ክር በሁለት እጅ ወጥራችሁ ከኋላው እንደ መጋዝ ወዲያና ወዲህ አንሸራትቱ። ስፖንጁ ለሁለት ይቆረጣል። ግድግዳው ላይ የቀረውን እንደገና አሙቃችሁ በጣት እያንከባለላችሁ አንሱ። ቤንዚን አትንኩ። ይነዳል፣ ያቆሽሻል፣ ሽታውም አይለቅም።

ሦስተኛው እንደ ሊጥ የሚላወሰው ማጣበቂያ ነው። ለፖስተርና ለልጆች ሥዕል ይሆናል፣ ለፍሬም አይሆንም። ፈዛዛ ቀለም ላይ ወዝ ይተዋል፤ በሙቀት ደግሞ ይብሳል።

የዶርም ተማሪዎች አንድ ዘዴ አላቸው፦ መጀመሪያ የወረቀት ፕላስተር ግድግዳው ላይ፣ በእሱ ላይ ደብል ቴፕ፣ በዚያ ላይ ፖስተር። ለወረቀት ያህል ይሠራል። የወረቀት ፕላስተር በሙቀት ብዙ ከቆየ ግን ደርቆ ሙጫውን ግድግዳው ላይ ስለሚተው፣ ወራት ሳያስቆጥሩ መለወጥ ነው።

## ከላይ ማንጠልጠል

ለእኔ ለድሬ የሚስማማው ይህ ነው። ሙቀት አይነካውም። ግድግዳው ኖራ ቢሆን፣ ቀለሙ ቢላጥ ግድ የለውም። ክብደቱን የሚሸከመው ከላይ ያለው ነገር ነው።

ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው በመጋረጃ ዘንግ፣ ፊሸር (ብሎን የሚይዝ የፕላስቲክ መሰኪያ) ለሚይዝ ግድግዳ። ከኮርኒሱ ዝቅ ብሎ በግድግዳው ርዝመት አንድ ዘንግ ታስራላችሁ፣ ጫፍና ጫፉ ላይ በሁለት ፊሸር። ከዚያ የፈለጋችሁትን ያህል ፍሬም በክርና በመንጠቆ ታንጠለጥላላችሁ፣ ታቀያይራላችሁ፣ ቦታውን ትገፋላችሁ። ለሙሉ ግድግዳ ሁለት ቦታ ብቻ ነው የሚበሳው፣ እሱም ከላይ ዓይን በማይገባበት። ረጅም ከሆነ መሐሉ እንዳይጎብጥ ሦስተኛ ድጋፍ ይፈልጋል። ከአከራይ ጋር ለመነጋገርም ይቀላል። «እትዬ፣ ለመጋረጃ ያህል ሁለት ቦታ ላስበሳ፣ ስወጣ በስቱኮ ደፍኜ እቀባለሁ» ስትባል እምቢ የምትል አከራይ ጥቂት ናት። «አሥር ሚስማር ልምታ» ግን ሌላ ወሬ ነው።

ሁለተኛው መንገድ ከኮርኒሱ ነው። ችፑድ ኮርኒስ ራሱ ምንም አይሸከምም። የሚሸከመው ከላዩ ያለው ሞራሌ፣ ማለትም እንጨቱ ነው። ሞራሌው የት እንዳለ ለማወቅ ሊስቴሎውን (መገጣጠሚያውን የሚሸፍነውን ቀጭን እንጨት) ተከተሉ፤ ሰሌዳዎቹ የሚገናኙበት ቦታ የተቸነከረው እንጨቱ ላይ ነው። እዚያ ላይ ትንሽ ቀለበት ያለው ብሎን አስገቡ። በሊስቴሎዎቹ መካከል ባዶ ችፑድ ላይ የተሰካ ነገር ግን ሰሌዳውን ይዞ ይወርዳል።

ክሩስ? ሲባጎ ቆንጆ ይመስላል፣ ግን እያደር ይረዝማል፤ ፍሬሙ ይዘቀዝቃል። የዓሣ ማጥመጃ ናይለን አይታይም፣ ጠንካራም ነው። ቋጠሮው ግን ይፈታል፣ ስለዚህ ሦስቴ አዙራችሁ ቋጥሩ። ለከባዱ ቀጭን ሽቦ ይሻላል። አሳሰሩም ለውጥ ያመጣል። በሁለት ቀጥ ያሉ ክሮች ከተሰቀለ እያንዳንዱ ክር የሚሸከመው ግማሽ ክብደት ነው። በአንድ መንጠቆ ላይ እንደ ጎጆ ጣሪያ ግራና ቀኝ ወርዶ፣ ክሩ በጣም ከተዘረጋ (ከአግድም በ30 ዲግሪ ብቻ ቢያጋድል) እያንዳንዱ ወገን ሙሉውን ክብደት ይሸከማል። 5 ኪሎ ለሆነ ፎቶ ሁለት ቀጥ ያሉ ክሮች ይሁኑ።

አንድ የድሬ ችግር አለ፦ ቬንቲሌተር። ጣሪያ ላይ ሲሽከረከር በክር የተንጠለጠለው ፍሬም ሁሉ ይወዛወዛል፤ ማዕዘኑም ግድግዳውን እየነካካ ሌሊቱን ይፍቃል። ጠዋት ስታዩት ቅስት የሆነ ጥቁር መስመር አለ። መፍትሔው ርካሽ ነው። ከታች ባሉት ሁለት ማዕዘኖች ጀርባ ላይ ትንንሽ የጎማ ወይም የጨርቅ ቁራጭ ለጥፉ፣ ክሩንም አንድ ሳይሆን ሁለት አድርጉት።

## ማስደገፍ

ምንም የማይበሳ፣ ምንም የማይለጠፍ ዘዴ ይኸው ነው፤ ሰው ግን እንደ ስንፍና ይቆጥረዋል። ቡፌ ላይ፣ ቴሌቪዥን ማስቀመጫ ላይ፣ መደርደሪያ ላይ። እግሩ ከግድግዳው ጥቂት ጣት ራቅ ይበል፣ ከሥሩ እንዳይንሸራተት ጎማ ይደረግለት። ልጅ ያለበት ቤት ከሆነ ከፍ ያለ ቦታ።

ይህ በተለይ ለጀጎል ቤቶች ነው። የሐረሪ ቤት ግድግዳ መጀመሪያውኑ ዕቃ እንዲይዝ ነው የተሠራው። ግድግዳው ውስጥ የተቦረቦሩ መደርደሪያዎች አሉት፣ ስፌቱና ሳህኑ የሚሰቀልበት ቦታም ከድሮ ጀምሮ የታወቀ ነው። ፎቶ ከእነሱ መካከል አንዱ መደርደሪያ ውስጥ ቢቀመጥ ግድግዳው አይነካም፣ ፎቶውም ያምርበታል። የድንጋይና የጭቃ ግድግዳ ላይ ሚስማር መምታት ቁማር ነው፤ ወይ ድንጋይ ይመታል፣ ወይ ጭቃው ይፈረፈርና ቀዳዳው ጣት ያስገባል። ጀጎል እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ነው፤ ተከራይ ከሆናችሁ ሳትጠይቁ አትምቱ። ነባር ችካል ካለ እሱኑ ተጠቀሙ።

## ማግኔትና የጎማ መንጠቆ

ባጭሩ፦ የብረት በርና የብረት መስኮት ያለው ቤት ማግኔት ይጠቀም፣ ለቀላል ነገር ከዚህ የሚቀል የለም። በአየር የሚጣበቀው የጎማ መንጠቆ ለሴራሚክና ለመስታወት ነው። ልስን ላይ አንድ ሌሊትም አያድር።

## ሚስማርና ፊሸር

ስሙ ጠፍቷል እንጂ መጥፎ ዘዴ አይደለም። ግድግዳውን የሚጎዳው አመታቱ ነው። ወፍራም ሚስማር በትልቅ መዶሻ ሲመታ ልስኑ በሳህን ልክ ይዘላል። ቀጭን የኮንክሪት ሚስማር ወስዳችሁ፣ ቦታው ላይ የወረቀት ፕላስተር ለጥፋችሁ፣ ወደ ታች በመጠኑ አዘንብላችሁ በትንሽ መዶሻ ቶሎ ቶሎ ምቱ። ከ2 ኪሎ በላይ ከሆነ ትራፓኖ ተዋሱና በ6 ሚሊ ፊሸር አስገቡ። መብሻውም 6 ሚሊ ይሁን፤ ሰፋ ካለ ፊሸሩ ይሽከረከራል። ከቀዳዳው ሥር ወረቀት አጥፋችሁ በፕላስተር ብትለጥፉ አቧራው እዚያ ይገባል፣ ወለል ላይ አይበተንም። ከሶኬትና ከማብሪያ ማጥፊያ በቀጥታ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ባለው መስመር አትብሱ፣ ሽቦው የሚያልፈው በዚያ ነው።

ሲለቀቅ ስቱኮ በጣት መሙላት፣ ሲደርቅ በብርጭቆ ወረቀት ማለስለስ፣ ቀለም መንካት። የቤቱ ቀለም ተርፎ ከሆነ በትንሽ ጠርሙስ አስቀምጡ። ተቀራራቢ ቀለም መፈለግ ከመድፈኑ በላይ ያደክማል።

## ባጭሩ ሲታይ

| ዘዴ | የሚሆነው ግድግዳ | ክብደት | የድሬ ሙቀት | ሲነሳ | ዋጋ |
|---|---|---|---|---|---|
| ተጎትቶ የሚነሳ ማጣበቂያ | ለስላሳ፣ በደንብ የተቀባ | እስከ 2 ኪሎ | ከተጻፈው ግማሹን | በአግባቡ ከተሳበ ምንም | ውድ |
| ደብል ቴፕ | ሴራሚክ፣ መስታወት፣ ዘይት ቀለም | ቀላል | ይንሸራተታል | ቀለም ይገሽልጣል | ርካሽ |
| ሊጥ መሰል ማጣበቂያ | ለወረቀት ብቻ | ከምንም አይቆጠርም | ይለሰልሳል | የወዝ ምልክት | ርካሽ |
| ዘንግና ክር | ሁሉም፣ ፊሸር የሚይዝ ከሆነ | እንደ ዘንጉ | አይነካውም | ሁለት ቀዳዳ ከላይ | መካከለኛ |
| ማስደገፍ | ሁሉም | የፈለገውን | አይነካውም | ምንም | ያለው ዕቃ ካለ በነጻ |
| ማግኔት | የብረት በርና መስኮት | ቀላል | ደህና | ምንም | ርካሽ |
| ሚስማር ወይም ፊሸር | ሲሚንቶ ልስን | ከባድ | አይነካውም | ትንሽ ቀዳዳ | ርካሽ፣ ትራፓኖ ከተገኘ |

## ለማን የቱ?

ዓመት ሳይሞላ የምትለቁ ተከራዮች፣ ግድግዳው ፕላስቲክ ቀለም ከሆነና የመዳፍ ሙከራውን ካለፈ፦ ትንንሽ ፍሬሞች ተጎትቶ በሚነሳው ማጣበቂያ፣ የከሰዓት ፀሐይ በማይመታው ግድግዳ። ገንዘብ ካጠረ ማጣበቂያውን ርካሽ አታድርጉት፣ የፍሬሙን ቁጥር ቀንሱ።

ብዙ ዓመት የምትቆዩ፦ አከራዩን አናግሩና ዘንጉን አሰሩ። መጀመሪያ ላይ ወጪ አለው፣ ከዚያ በኋላ ግን ፎቶ በተጨመረ ቁጥር ክር ብቻ ነው የምትገዙት።

ትልቅ የሠርግ ፎቶ ወይም ከባድ የእመቤታችን ሥዕል ወይም የካዕባ ምስል ካላችሁ፦ ተለጣፊ አይታሰብ። ብሎኬት ከሆነ ሁለት ፊሸር፣ ካልሆነ ከላይ በሽቦ። ከአልጋ ራስጌና ሰው ከሚቀመጥበት በላይ መስታወት ያለው ነገር በማጣበቂያ በጭራሽ አይሰቀል፤ 600 ግራሙም ቢሆን።

የጭቃና የኖራ ቤት፦ ማስደገፍ፤ ካልሆነ ከጣሪያው እንጨት በክር። ግድግዳውን ተዉት።

ቤት እየሠራችሁ ከሆነ፦ ከመለሰኑ በፊት ከኮርኒሱ ሥር አንድ ቀጭን ሞራሌ በግድግዳው ርዝመት አስገጥሙ። ሚስማሩም መንጠቆውም ለዘለዓለሙ እንጨቱ ላይ ያርፋል።

ከፍታውን በሚመለከት፣ የተለመደው የሥዕሉን መሐል ከወለል 145 እስከ 150 ሳንቲ ሜትር ማድረግ ነው፤ ይህ ግን ቆሞ ለሚያይ ሰው ነው። ፍራሽ ተነጥፎ በርጫ የሚያዝበት ክፍል ከሆነ ወይም ነደባ (የሐረሪ ቤት መደብ) ላይ የሚቀመጥ እንግዳ ከበዛ ዝቅ አድርጉት። መጀመሪያ ቁጭ በሉ፣ ዓይናችሁ የሚያርፍበትን ቦታ ሌላ ሰው በእርሳስ ምልክት ያድርግላችሁ፣ ከዚያ ክሩን ለኩ።